ከብርቱካን ቤት ያልወጣችው ጽዋ

ብርቱካን ስትስቅ አዘዞ በሙሉ ይሰማታል ይባላል። ማጋነን ነው፤ ቢሆንም ከሚኒባስ ተራው ጀርባ ባለችው ቁርስ ቤቷ ሆና የሳቀች እንደሆነ፣ ከመንገዱ ማዶ የተቀመጡት ሊስትሮዎች ምክንያቱን ሳያውቁ አብረዋት ይስቃሉ። ፉሏም ቢሆን ከሳቋ አያንስም። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ የአየር ማረፊያው ጥበቃ፣ ከቅዳሴ የሚመለሰው ምእመን፣ እዚያች አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ካልበላ ቀኑ የተጀመረ አይመስለውም። አንዱ «ቃሪያው ይብዛ» ይላል፣ ሌላው «ዳቦው ይሙቅልኝ» ይላል፤ እሷ ይህን እየተረበች፣ ያንን እየመረቀች፣ ከድስቷ ሳትርቅ ሁሉንም ታዳርሳለች።

የተወለደችው ወገራ ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ ውርጭ የሚመታው ደጋ። አዘዞ ያመጣት ክንዱ ነው። ክንዱ የማክሰኝት ልጅ፣ የሚኒባስ ሾፌር፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ያን ጊዜ በአምባ ጊዮርጊስ መስመር ይሠራ ነበርና አንድ የገበያ ቀን ከኋላ ባዶ ወንበር እያለ «ሞልቷል» ብሎ ጋቢና አጠገቡ አስቀመጣት። ጎንደር እስኪደርሱ ትንፍሽ አላለም። ስትወርድ ብቻ፣ «ነገ ትመለሻለሽ?» አላት። እስከ ዛሬ ይህን ስታወራ፣ «የኔ ባል ያን ሁሉ መንገድ አስቦ አስቦ ያወጣት ንግግር ይቺው ናት» ትላለች።

ከመጋባታቸው በፊት ግን ልትነግረው የሚገባ ነገር ነበረና ነገረችው። ብርቱካን ጠይም አይደለችም፤ ጥቁር ናት። የአያቷ እናት በልጅነቷ ከበረሃው ወሰን ተይዛ መጥታ ለአንድ ባለ ርስት የተሸጠች ነበረች። የተሸጠችውም የገዛትም አፈር ከሆኑ ቆይተዋል። ስሙ ግን አልሞተም። በተወለደችበት ቀበሌ የነሱን ቤት የሚጠቁም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባሮቹ ጋ» ይላል። ሌላው ሰው «ጨዋ» ነው። ጨዋው ከነሱ ጋር አብሮ ያርሳል፣ አብሮ ያጭዳል፣ ጨዋታቸውንም ይወዳል፤ ልጁን ግን አይድርላቸውም፣ ከማዕዳቸውም አይቆርስም።

ክንዱ አድምጦ ሲያበቃ፣ «እኔን የሚገርመኝስ የገዛው ሰውዬ ዘር ነው» አላት። «እነሱ ምን ብለው ነው ቀና ብለው የሚሄዱት?»

ብርቱካን ይህን ሰው እንደምታገባው ልቧ የቆረጠው ያን ዕለት ነው።

አዘዞ ላይ ማንም «የማን ዘር ነሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። ሰፈሩ አዲስ፣ ሰዉም ከየአገሩ የመጣ ነው። በዋንዛ በር ኪዳነ ምሕረት ታስቀድሳለች፣ እዚያው ትቆርባለች፤ የክርስትና ስሟ ወለተሩፋኤል ነው። ዓምና ደግሞ የፉል ደንበኛዋ እትዬ ሸዋአየሁ ወደ ማኅበራቸው አስገባቻት። እትዬ ሸዋአየሁ እህል ነጋዴ ናት፤ ድምፀ ትልቅ፣ እጀ ሰፊ፣ ስትቆጣ የምታስፈራ፣ ወዲያው ደግሞ የምትጸጸት። «ይቺን የመሰለች ሣቂታ ማኅበራችን ውስጥ ከሌለች እመቤታችን ራሷ ትታዘበናለች» ብላ ነው ያስገባቻት።

ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው። በየወሩ በኪዳነ ምሕረት ቀን፣ በአሥራ ስድስት፣ በተረኛዋ ቤት ይሰበሰባሉ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ሐብተ ማርያም ተአምረ ማርያም ያነባሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላውም ከጽዋዋ ይቀዳል። ጽዋዋ አንገቷ ጠባብ፣ ሆዷ ሰፊ የሸክላ ገንቦ ናት፤ ቀይ ሐር ለብሳ ትኖራለች። ሥርዓቷም ጥብቅ ነው። ከአንድ ቤት የምትወጣው ማኅበርተኛው በሙሉ እዚያ ቤት ተቀምጦ ከቀመሰ በኋላ ብቻ ነው። የታመመ ወይም መንገድ የሄደ ቢኖር እንኳ ሲመለስ ይቀምሳል፤ ከዚያ ወዲያ ነው ቀጣይዋ ተረኛ ስማት፣ በእልልታ ተሸክማ የምትሄደው።

የብርቱካን የመጀመሪያ ተራ ጥር ላይ ወደቀ። ታኅሣሥ ላይ ጽዋዋን ከጎረቤቷ ከአልማዝ ቤት ስትቀበል እልልታው ለጉድ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ እየጨፈረች ነው ያመጣቻት።

ታዲያ በጥምቀት ዋዜማ፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ ብርቱካን እንደ ልማዷ ከፊት ሆና ታጨበጭብ ነበር። ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ ትልቋ እማማ ለተ ማርያም፣ በዓሉን ሊያይ የመጣ የወገራ ዘመድ ይዘው ቆመዋል። ዘመድዬው ብርቱካንን አየና ዓይኑን አጠበበ። «ይቺማ የኛ አገር ልጅ ናት» አላቸው። ከዚያ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ ሌላም ነገር ጨመረ። ወሬው ከጥምቀተ ባሕር እስከ አዘዞ ለመድረስ ማኪና አላስፈለገውም።

ጥር አሥራ ስድስት ዓርብ ዋለ። ብርቱካን ይህን አውቃ የጾም ድግስ አሰናድታለች፤ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ሁለት ድፎ ዳቦ። ጠላውንም ገና ከገና በፊት ነው የጠነሰሰችው። ቤቱን ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ በር በሩን ታያለች። ቄስ ሐብተ ማርያም መጡ። አልማዝ መጣች። ከዚያ በኋላ የመጣው ስልክ ብቻ ነበር። አንዷን ወገቧን ይዟታል። አንዷ ትክል ድንጋይ ከተማ ለቅሶ ሄዳለች። አንዷ እንግዳ መጥቶባታል፤ ሌላዋ ላሟ ልትወልድ ምጥ ይዟታል። እትዬ ሸዋአየሁ ደግሞ ስልኳን ዘግታለች።

«ላሚቱ እንኳ ዛሬን መረጠች?» አለች ብርቱካን እየሳቀች። ገና አልገባትም ነበር።

ቄስ ሐብተ ማርያም ጸሎቱን አደረሱ፣ ተአምሩን አነበቡ፣ ዳቦውን ባረኩ። ሰሃኑ ሲቀርብላቸው ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ዓርብ ነው ልጄ፤ እስከ ማታ እጾማለሁ» አሉና ከዳቦው ትንሽ ቁራሽ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ። አልማዝ ግን ለሦስት ሰው በላች። ስትጨርስ አፏን ጠረገችና፣ «ሳልነግርሽ ብሄድ እመቤታችን ትፈርድብኛለች» አለች።

«ምኑን?»

«ያልመጡበትን ነዋ። ባሪያ ናት ተብሎ ነው። ከጥምቀት ጀምሮ የሚወራው እሱ ነው።»

ብርቱካን ተነሥታ ጓዳ ገባችና ማንም ያልበላባቸውን ሰሃኖች አንድ ባንድ ታጥብ ጀመር። ወገራን ትታ የመጣች መስሏት ነበር። ለካ በጥምቀት ስታጨበጭብ ከፊቷ ቆማ ትጠብቃት ኖሯል። እንባዋ አልመጣም፤ የመጣው ቁጣ ነው።

ክንዱ ማኪናውን አቁሞ ሲገባ ድግሱን አየ፣ ባዶውን ቤት አየ፣ ሚስቱን አየ። ማብራሪያ አልጠየቀም። «ይህን ሁሉ ምን እናድርገው?» አለ።

ብርቱካን እጇን አደራረቀች። «ሾፌሮቹን ጥራልኝ።»

ተራው ላይ የነበሩት ሾፌሮችና ረዳቶች በሙሉ መጡ። ምስሩ አለቀ፣ ጎመኑ አለቀ፤ ጠላ የማይጠጣ አንድ ሙስሊም ሾፌር ሻይ ተፈልቶለት ከዳቦው የሁለት ሰው ድርሻ ወሰደ። «የምን በዓል ነው?» ሲሉ፣ «የኪዳነ ምሕረት» አለቻቸው፤ መርቀው ሄዱ። ጽዋዋን ግን ከነሐሯ መደርደሪያው ላይ ሰቀለቻት። በዚያች የሚቀምሱት ማኅበርተኞቹ ናቸው።

በማግሥቱ ፉል ቤቷ ውስጥ የአንዳንድ ሴቶች ቦታ ባዶ ሆነ። ሾፌሮቹ እንደሆኑ ምንም ቢወራ ከፉል የሚያስቀራቸው የለም። ብርቱካንን ያስገረማት ሌላ ነው። ሴቶቹ ይህን ሁሉ ዓመት ከእጇ በልተው አንድም ቀን አላመማቸውም፤ ታዲያ ጥር ላይ የተመረዘው እጇ ነው ጆሯቸው?

ሰኞ ዕለት ቄስ ሐብተ ማርያም መጡ። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ወለተሩፋኤል፣ ልጄ፣ ነገር ከሚከር አንድ መላ አለኝ። ጽዋዋን እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን እወስዳታለሁ። ከዚያ ሸዋአየሁ ትቀበለኛለች። ማንም አያፍርም።»

«እኔስ አባ?»

«አንቺማ ትታገሺያለሽ። ትዕግሥት ትልቅ ጸጋ ነው።»

«ጸጋው ለሁላችን ቢከፋፈል ምን ነበረበት?» አለች ብርቱካን። ፉሉን ማማሰሏን አቆመች። «አባ፣ ጽዋዋ ወደ ቤቴ ስትመጣ በእልልታ ነው የመጣች። ስትወጣም እንደ ሰው ቤት ጽዋ ትወጣለች እንጂ እንደ ተሰረቀ ዕቃ በነጠላ ተሸፍና አትወጣም። ሥርዓቱን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

ቄሱ ለመነሣት ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዓርብ ዕለት እውነት ጾም ነበሩ?»

«ዓርብ ነበራ...»

«ዓርብ ሁሉም ሰው ይጾማል። ማታ ግን ይበላል። እኔ ሰሃንዎን ከድኜ እስከ ማታ ጠብቄዎታለሁ።»

ቄስ ሐብተ ማርያም መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ፤ የቀረበላቸውን ሻይ አልነኩትም። ሄደው ሲያበቁ ነው ብርቱካንን የተናገረችው የታወቃት። የንስሐ አባትን እንዲህ መናገር! ግን አልጸጸታትም።

የጭንቁ ትልቁ ድርሻ የወደቀው ግን እትዬ ሸዋአየሁ ላይ ነው። ተረኛዋ እሷ ነበረች፤ ተራውም ተራ ቀን አይደለም። የካቲት አሥራ ስድስት የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ከቅበላ እሑድ ጋር ገጠመ። ማግሥቱ ዐቢይ ጾም ይገባልና እትዬ ሸዋአየሁ በሥጋው መሰነባበቻ አገር ልታበላ ተዘጋጅታለች። ከማክሰኝት ቀንዳም ሙክት አስመጥታ ግቢዋ አስራለች፣ ጠላውን ጠንስሳለች፣ ዘመዶቿን ጠርታለች። ሁሉ ሞልቶ የጎደለው ጽዋዋ ብቻ ናት። ሙክቱ ቀን ከሌት ይጮሃል፤ የገበያው ሰው ደግሞ ባገኛት ቁጥር፣ «ጽዋዋ መጣች?» ይላታል።

አንድ ቀን ወደ ገበያ ስትሄድ ፉል ቤት ጎራ አለች። ወንበር አልሳበችም።

«ብርቱካን፣ እባክሽ፣ እንዲያው እኔና አንቺ እንጨርሰው። አሁን ሰውም የለ። አንድ ጉንጭ እቀምስልሽና ይዣት እሄዳለሁ።»

«ሰው የማያየውን ጉንጭ አላቀምስም እትዬ። ነይ ተቀመጪ፣ ማኅበርተኛው ይምጣ፣ በቀን በብርሃን ጠጪ።»

«እነሱ አንመጣም ካሉ እኔ ምን ላድርግ?»

«አንቺስ መጥተሽ ነበር?»

እትዬ ሸዋአየሁ «ያስገባሁሽ እኔ ነበርሁ!» ብላ ጮኸች።

«አዎ። ለዚህ ነው ከሁሉም በላይ ያንቺ መቅረት ያመመኝ።»

እትዬ ሸዋአየሁ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። ያን ዕለት የገበያውን ሚዛን ሁሉ ተቆጥታ ዋለች አሉ።

የነነዌ ጾም ገባ። ሦስቱን ቀን ሰዉ ቀትር ላይ ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባል። ረቡዕ፣ የመጨረሻዋ ቀን፣ ብርቱካን በሴቶች በኩል ዐምድ ተደግፋ ቆማለች፤ እትዬ ሸዋአየሁ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች፤ ሌሎቹም አሉ። ስብከቱ የቄስ ሐብተ ማርያም ነበር። የዮናስን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋልና ግማሹ ሰው እያንቀላፋ ይሰማል።

«ዮናስ ዓሣ አንበሪ ሆድ ውስጥ ማደሩ አይገርመኝም» አሉ ቄሱ። «የሚገርመኝ ከወጣ በኋላም አለመማሩ ነው። የነነዌ ሰዎች ዳኑ፤ እሱ ተቆጣ። ምነው? የኔ ወገን አይደሉማ! የኔ ዘር አይደሉማ! እግዚአብሔር የማረውን ሕዝብ ዮናስ ኃጢአቱን ሊቆጥርበት ፈለገ።»

ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። የሚያንቀላፉት ነቁ።

«እኔ ካህኑ ከዮናስ የባስሁ ነኝ። ባለፈው ወር አንዲት የንስሐ ልጄ ቤት ጠበል ጸዲቅ ቀረበልኝ። ዓርብ ነው ብዬ ከማዕዷ ሸሸሁ። ጾም አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። የአባቶቿ ስም ሲነሳ ሰማሁና፣ ሰው ምን ይለኛል አልሁ። እኔ የማቆርበውን ሥጋና ደም ከኔ እጅ የተቀበለች ልጅ ዳቦዋ ምን ሆኖ ነው የማልበላው? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ እሄዳለሁ። ልጆቼ ከሆናችሁ ተከተሉኝ።»

ዓይን ሁሉ ወደ ዐምዱ ዞረ። ሰው ታለቅሳለች ብሎ ጠብቆ ነበር። ብርቱካን ግን በነጠላዋ አፏን ሸፍና በልቧ የምትለው ሌላ ነበር፤ «እሑድ? ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው! ጠላ በአራት ቀን እንዴት ይደርሳል!»

እንደ ፈራችውም አልደረሰም። አልማዝ ያላትን አንድ እንስራ አመጣች፤ እሱ ለማን ይበቃል? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን በሯ ላይ ጋሪ ቆመ። ጋሪው ላይ ሁለት ጋን ጠላ ተጭኗል። ከጋሪው ጎን፣ ላቧን እየጠረገች፣ እትዬ ሸዋአየሁ።

«ለበዓሉ የጠነሰስሁት ነው» አለች፣ ዓይኗን ወደ ጋኖቹ እያደረገች። «ለኔ ሌላ እጠነስሳለሁ፤ ባይደርስም ውኃ ይጠጡ።»

«እትዬ...»

«ዝም በይ፣ አውርጂ! ፀሐይ እየመታው ነው!»

አንዱን ጋን ሁለቱም በየጎኑ ይዘው ሲያወርዱ እግራቸው ተጠላልፎ ሊወድቁ ነበር። ከዚያ ብርቱካን ሳቀች፣ እትዬ ሸዋአየሁም ሳቀች፤ መሳቅ ሲያቅታቸው ደግሞ ሁለቱም አለቀሱ፤ ጋሪ ነጂው የቷን እንደሚያጽናና ግራ ገባው።

እሑድ ቤቱ ሞላ። ላሟ ወልዳለች፣ ወገቡ ድኗል፣ የትክል ድንጋዩም ለቅሶ አብቅቷል። ቄስ ሐብተ ማርያም ከሁሉ ቀድመው ተቀመጡና ዶሮ ወጡን ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ከጽዋዋ ሁሉም ቀመሱ፤ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እማማ ለተ ማርያም «በስተርጅና ሥርዓት አልቀይርም፤ ከማኅበሩ ወጥቻለሁ» ብለው ልከዋል። ክርክር ተነሣ። ሌላ ሰው በቦታቸው ይግባ ያሉ ነበሩ።

«ቦታቸው ይቆያቸው» አለች ብርቱካን። «ደጃቸው ላይ ግን ሄጄ አለምንም። መንገዱን ያውቁታል።»

እትዬ ሸዋአየሁ ጽዋዋን ልትቀበል ስትነሣ መናገር አማራት። «ፉልሽን ስበላ ዘርሽን አልጠየቅሁም። ይቅር በይኝ» አለች በዚያ በትልቁ ድምጿ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

«ይቅር ብያለሁ» አለች ብርቱካን። ከዚያ እጇን ከጽዋዋ ሳታነሣ ቆየች። «ግን ወንድም አለኝ። ሰውአገኝ ይባላል፤ አገር ቤት ነው ያለው። በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ይገባል። ሌላው መደብ ላይ ይቀመጣል፣ እሱ ከበሩ ጥግ መሬት። ለሌላው በዋንጫ ይቀዳል፣ ለሱ በቅል። ተራ አውጥቶ አያውቅም፤ እንጨት ይፈልጣል፣ ውኃ ይቀዳል እንጂ ዳቦው አይበላለትም። እኔ እዚህ ደስ ስላለኝ እሱ ከመሬት ተነሣ ማለት አይደለም።»

እትዬ ሸዋአየሁ ጽዋዋን አቀፈች። «አገራችሁ ማኪና ይገባል?» አለች።

ሁሉም ወደ ክንዱ ዞሩ። «እስከ ወንዙ ይገባል» አለ ክንዱ።

ፋሲካ አልፎ፣ አንድ እሑድ ገና ሳይነጋጋ፣ የክንዱ ሚኒባስ አሥራ አንድ ሴት ጭኖ ወደ ወገራ ወጣ። እስከ አምባ ጊዮርጊስ መዝሙር ነበር፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሲያንገጫግጭ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ለየቅዱሱ ስለት ነበር። ከወንዙ በእግር ወጥተው ቅዳሴው ሳያልቅ ደረሱ። ሰውአገኝ እህቱን ከነጫጭ ልብስ መሀል ሲያይ ደስታው ፊቱ ላይ በራ። ቅዳሴው ሲያልቅ ወደ ሰንበቴ ቤት ገቡ።

የሰንበቴው አለቃ አያ ወልደኢየሱስ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። እንግዶቹን ሲያዩ ብድግ አሉ። «ኧረ ወደ ላይ! ወደ ላይ እንግዶቻችን!» እያሉ መደቡን አሳዩ። ሴቶቹ ግን አንድ ባንድ እየገቡ ከበሩ ጥግ፣ ከሰውአገኝ ጎን፣ መሬት ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።

«ምነው? እዚያማ...» አሉ አያ ወልደኢየሱስ።

«እዚህማ ምን አያ?» አለች እትዬ ሸዋአየሁ። «ሸጋ ቦታ ነው። ነፋስም አለው።»

ሽማግሌው የጀመሩት በከተማ እንግዳ ፊት የሚባል ነገር አልነበረም። እትዬ ሸዋአየሁ የሰውአገኝን ቅል ከእጁ ወስዳ ጠጣችበትና፣ «ጠላችሁ ይጣፍጣል፤ ድገሙኝ» አለች። አሳላፊው ጠርሙስ እንደ ዋጠ ሰው ቆመ።

ሰውአገኝ ግን አንገቱን ደፍቷል። ወደ ብርቱካን ጆሮ ጠጋ አለ። «አንቺ ማታ አዘዞ ትገቢያለሽ» አላት በቀስታ። «እኔ እዚሁ ነኝ። ነገ በሬ የሚያውሰኝ ይሄው መደብ ላይ ያለው ሰው ነው።»

ይህን ብርቱካን አላሰበችውም ነበር። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ቀልዳ ልታልፈው ፈለገች፣ ቀልዱ ግን አልመጣላትም። «እንሂድ ካልህ አሁኑኑ እንነሣለን» አለችው። «ያንተ ነገር ነው። አንተ ወስን።»

ሰውአገኝ የተቀመጠበትን መሬት አየ። ከዚያ አሥራ አንዱን ሴቶች አየ፤ ነጠላቸው በአቧራ ተለውሷል። «ከተነሣሁስ» አለ፣ «ወደ ውጭ አልነሣም።»

ተነሣ። ልብሱን አራገፈ። በመሀል አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ላይኛው መደብ ሄደና አያ ወልደኢየሱስ አጠገብ ቆመ። «አያ፣ አባትዎ ሲያርፉ መቃብሩን የቆፈርሁ እኔ ነኝ። አብረን ቀበርናቸው። አብረን እንቀመጥ» አላቸው።

ሁለት ሰዎች ጋቢያቸውን እያጣፉ ተነሥተው ወጡ። ሌሎቹ አልተነቃነቁም። አያ ወልደኢየሱስ የሚወጡትን አዩ፣ ሰውአገኝን አዩ፣ በሩ ጥግ የተደረደሩትን ሴቶች አዩ። ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከአባታቸው የተረከቡትን ነገር አንሥተው አይተውት የማያውቁ ሰው ነበሩ። በትራቸውን ከጎናቸው አነሡና ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አሉ። «ተቀመጥ» አሉ። ቀጥለው ወደ አሳላፊው ዞረው፣ «ምን ታያለህ? ዋንጫ አምጣለት እንጂ!» ብለው ተቆጡ፤ ነገሩን ሁሉ ያጠፋ እሱ ይመስል።

ያኔ እልልታው ከበሩ ጥግ ፈነዳ፤ ከደብሩ ጽድ ላይ ቁራዎቹ ተነሡ።

ሲመለሱ በመንገድ ላይ አልማዝ፣ «ቀጥሎ የማን አገር ነው?» ብላ ጠየቀች። ከሴቶቹ አንዷ፣ ከዚያ በፊት እምብዛም የማትናገረው፣ የባሏ ዘመዶች ቤት ሸክላ ሠሪዎችን «ቡዳ» ብለው ከማዕድ እንደሚለዩ ተናገረች። ጉዳዩ ክርክር አስነሣ፤ ክንዱም እስከዚያ ድረስ ማኪናው መጠገን አለበት አለ።

እማማ ለተ ማርያም እስከ ዛሬ ወደ ማኅበሩ አልተመለሱም። ፉል ግን ሰው እየላኩ ያስወስዳሉ፤ ብርቱካንም ለማን እንደሆነ እያወቀች ቃሪያውን አብዝታ ትልካለች።

ወገራ ላይ ሁሉም አልተስተካከለም። ወጥተው የሄዱት ሁለቱ ሰዎች ለሰውአገኝ ሰላምታ አይሰጡም፤ በሬውን ግን የሚያውሱት አልጠፉም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ጭቃው በበረታበት ሰሞን፣ ስልክ ደወለ። ብርቱካን በአንድ እጇ እያማሰለች አነሣችው።

«ተራ ወጣልኝ» አለ ሰውአገኝ። «የሰንበቴው። የመስከረም ሁለተኛው እሑድ።»

«ወንድሜ!»

«እልል አትበይ፣ ስሚኝ። ስንት ቁና ገብስ ነው የሚያስፈልገው? ጌሾውስ? እኛ ቤት ለሰንበቴ ጠንስሶ የሚያውቅ ሰው የለም።»

ብርቱካን ፉሉን ለክንዱ አስረክባ ወጣችና ደጃፉ ላይ ቆማ ታስረዳው ጀመር፤ ገብሱ እንዴት እንደሚታመስ፣ ጌሾው መቼ እንደሚገባ፣ ጋኑ በምን እንደሚታጠን። ጨረስሁ ስትል የረሳችው እየመጣላት ደጋግማ ደወለችለት። ከኋላዋ አግዳሚው ላይ ሾፌሮቹ ክንዱ ያቀረበውን ፉል ቀምሰው ተያዩ፤ ጨው የሚባል አልነካውም።